አትክልተኛው ጳጳስ

ከሃርልስደን የተነሳው ቀይ ባለ ፎቅ አውቶቡስ በረዶውን እየጨፈለቀ ሲንፏቀቅ፣ ባህታ አንድ ጥቅል ጭኑ ላይ አቅፎ፣ በትንፋሽ የደበዘዘውን መስኮት በክርኑ እየጠረገ ወደ ውጭ ያያል። የካቲት 1971 ዓ.ም. ነው፤ ዕለቱ እሑድ። ያን ክረምት የለንደን ቆሻሻ አንሺዎች ሥራ አቁመው ስለነበር፣ በየመንገዱ ጥግ የተከመረው ጥቁር ከረጢት በረዶ ለብሶ ከሩቅ ሲያዩት ተጠቅልሎ የተኛ ሰው ይመስላል። ባህታ እንዲህ ያለ ነገር ማየት አይወድም። ያየ እንደሆነ ወርዶ ገልጦ ካላረጋገጠ ልቡ አያርፍም።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በጣልያኖች ቤተ ክርስቲያን የልጅ ልጁ ክርስትና ይነሳል። የሕፃኑ ልብስ ያለው እሱ እጅ ነው። የሕፃኑ ስም ያለውም እሱ አፍ ላይ ነው። በባህታ ዘር ደንብ በቄሱ ፊት ስም የሚናገረው አያት ነው፤ እሱ ያለው ይጸናል።

ከጎኑ ያለው መቀመጫ ባዶ ነበር። ባዶ መሆኑን ያውቃል። ግን ፓዲንግተንን እንዳለፉ የሞተር ዘይት ሸተተው።

«ባባ፣ ስንት ሰዓት ነው?» አለው ልጁ።

ባህታ ዞር አላለም። ዞር ያለ እንደሆነ እንደሚጠፋ በአራት ዓመት ውስጥ ተምሯል። በዓይኑ ጥግ ግን ሰማያዊውን ቱታ፣ የተጠቀለለውን እጅጌ፣ የመዳፉን ጥቁረት ያያል። ዕድሜው አሥራ ዘጠኝ ነው፤ ያኔም አሥራ ዘጠኝ፣ ዛሬም አሥራ ዘጠኝ። በአውቶቡስ ይመጣል፣ ባህታ አትክልተኛ ሆኖ በሚሠራበት የመቃብር ስፍራ ጽጌረዳ ሲከረክም አጥሩን ተደግፎ ይቆማል፤ ሲመጣም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ባህታ የእጅ ሰዓቱን ወደ ሱዳን ሲሻገር ከሰላ ላይ ለግመል መሪው ፈትቶ ከሰጠ ወዲህ ሌላ አላሰረም።

የልጁ ስም ሬናቶ ነው። የአስመራ ሐበሻ ልጅ እንዴት ሬናቶ ተባለ ያላችሁ እንደሆነ፣ ነገሩ እንዲህ ነው።

ባህታና ሚስቱ ርግበ መጀመሪያ የወለዱት ልጅ ዳዴ ሳይል ኩፍኝ ወሰደባቸው። በዓመቱ ሌላ ወንድ ተወለደ። ባህታ በሲኞር ጉይዶ ጋራዥ ካፖ ነበር፤ የሠራተኞቹ አለቃ ማለት ነው። ሲኞር ጉይዶ ክርስትና አባት ልሁን አለ፤ አልፎም ስሙን እኔ ላውጣለት አለ።

«በእኛ አገር በሞተ ልጅ ላይ የተወለደ ልጅ ሬናቶ ይባላል» አለ። «ዳግመኛ የተወለደ ማለት ነው። በአያቶቼ ጊዜ የተጀመረ እንዳይመስላችሁ። የጥንት ክርስቲያኖች፣ ንጉሥ ለአንበሳ ይሰጣቸው በነበረበት ዘመን፣ ከጥምቀቱ ውሃ ሲወጡ የሚይዙት ስም ነው። ውሃው መቃብር ነው፤ የወጣ ሰው ተነሳ ማለት ነው።»

የባህታ እናት ይህን ሰምተው ከንፈራቸውን መጠጡ። «ይሄን ለማለት ባሕር ምን አሻገራችሁ? እኛም አገር አለ። ትኽአ በሉት፤ ተተኪ። እናንተ እንዳሻችሁ፣ እኔ በዚያ ስም ምላሴን አላደናቅፍም» አሉ። እውነትም ትኽአ እንዳሉት ሞቱ። ልጁ ግን ሬናቶን ወደደ። ሲያድግ አባቱ ጋራዥ ገባ፤ በቱታው ደረት ላይ ስሙን እናቱ በቀይ ክር ጠለፈችለት።

በ1967፣ በጥር ወር፣ አስመራ ሌሊት ሌሊት በተኩስ ስትናጥ፣ ቀን ቀን ደግሞ ወጣት ከየቤቱ ሲለቀም፣ አንድ የሰፈር ሰው ወደ ርግበ መጥቶ «የልጅሽ ስም ወረቀት ላይ አለ» አላት። ተማከሩ። ባህታ በጋራዡ መኪና ሰዓት እላፊ ሳይገባ ወደ ርግበ ዘመዶች ገጠር ሊያወጣው ተስማሙ። «በአሥር ሰዓት እመጣለሁ፤ ጫማህን አድርገህ ጠብቀኝ» አለው።

አሥር ሰዓት ሲሆን የአንድ ሻለቃ ፊያት ካምቢዮው ወጥቶ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ነበር። ሻለቃው ራሱ በር ላይ ቆሞ ሲጋራ ያጨሳል። ሲኞር ጉይዶ በባህታ ጆሮ «ጨርሰው፤ ካልጨረስከው ጋራዡንም ይዘጋል፣ እኛንም ያስራል» አለው። ባህታ ጨረሰው። የእጁን ዘይት እንኳ ሳይጠርግ ሲበር ቤት የደረሰው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። በሩ ክፍት ነበር። ወንበሩ ተገልብጧል። ጠረጴዛው ላይ የሬናቶ ሻይ ግማሹ አለ። ባህታ ብርጭቆውን ነካው፤ ገና አልቀዘቀዘም።

እናንተዬ፣ ሰው አንዳንዴ ከነገሩ ሁሉ አንዲት ነገር ታንቀዋለች። ባህታን ያነቀችው ያቺ ሻይ ናት።

ዓመት ሙሉ ፈለገው። ከእስር ቤት እስር ቤት፣ ከበር ጠባቂ በር ጠባቂ። በመጨረሻ የእሱም ስም ወረቀት ላይ ወጣ ተባለና በሱዳን አድርጎ ወጣ። ርግበ አልወጣችም። «ልጁ የመጣ ዕለት በር የሚከፍትለት ሰው ያስፈልጋል» ብላ ቀረች። ከዚያ ወዲህ ባህታ በደብዳቤው ሁሉ «ሰምተሻል ወይ?» ይላል፤ እሷም በደብዳቤዋ ሁሉ «እግዚአብሔር ያውቃል፤ ተስፋ አንቁረጥ» ትላለች። እርም አልወጣም። ፍትሐት አልተደረገም።

እንግዲህ ባለፈው ሐሙስ ሆሎዌይ በሴት ልጁ በጸሃይቱ ቤት የተነሳው ጠብ ከዚህ የመጣ ነው።

«ሬናቶ ነው የሚባለው» አለች ጸሃይቱ፣ ሕፃኑን እያጠባች።

«የሰው ስም አልጠፋም» አለ ባህታ።

«ባባ፣ ሰኞ አርባ ሁለት ቀኑ ይሞላል። ከዚያ በፊት ሬጅስተር ማድረግ አለብን፤ ሕጉ ነው።»

«አድርጉዋ። ገብረሚካኤል በሉት፤ ተስፋጋብር በሉት። እኔ የከለከልኩት አንድ ስም ነው።»

«ለምን እንደሆነ ይንገሩኛ።»

«ታውቂዋለሽ። ያ ስም የሚወጣው በሞተ ሰው ላይ ነው። ወንድምሽን በቁሙ ልትቀብሪው ነው? ነገ በሩን አንኳኩቶ ቢገባ ‹ስምህን ለሌላ ሰጥተንብሃል› ልትይው ነው?»

ጸሃይቱ ባሏን አየችው። ንዋይ የጎንደር ልጅ ነው፤ ለትምህርት መጥቶ መመለሻው የጠፋበት፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ሰው የሚያስቅ ጨዋታ አዋቂ። «አባባ ባህታ፣ የእኔ እናት ብትሆን እኮ ማስረሻ ብላው ትገላገል ነበር። አንድ አጎት አለኝ፣ ማስረሻ የሚባል፤ እንኳን ሊያስረሳ...» ብሎ ጀመረና ቀልዱን ከመሃል አጠፈው። ተነስቶ የጋዙን ምድጃ ክር ዝቅ ከፍ ማድረግ ያዘ።

ባህታ ያኔ ልብ አላለውም። ንዋይ የጀመረውን ቀልድ አጥፎ አያውቅም ነበር።

ጸሃይቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እሺ ባባ። ቄሱ ፊት የሚናገሩት እርስዎ ነዎት። ያሉትን እንቀበላለን» አለች።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሃርልስደን ሄዶ ይህን ጥቅል ከአስካለማርያም ተቀበለ። አስካለማርያም የርግበ ጎረቤት ናት፤ ከአስመራ በሮም በኩል ከመጣች ሳምንቷ ነው። ጥቅሉን ስትሰጠው እጁን ይዛ አልለቅም አለች።

«አይዞህ፣ ባህታ።»

«ለምኑ?»

«ለ... ለብርዱ» አለችና ፊቷን አዞረች። ሻይ ጠጣ አላለችውም። የርግበ ሰው ሆና ሻይ ጠጣ አለማለቷ ገርሞት ነበር።

አሁን አውቶቡሱ ኪንግስ ክሮስ አጠገብ ተገትሮ ሲቀር፣ ባህታ የጥቅሉን ወረቀት በጥፍሩ ገለጥ አደረገ። ነጭ የክርስትና ቀሚስ ነው፤ አንገቱ ላይ የሐር ጥብጣብ ያለው። ሬናቶ የተጠመቀባት ናት። ታጥባ ተተኩሳለች። ርግበ ይህቺን ልብስ ሳጥን ውስጥ ስታስቀምጥ ያለችውን ያስታውሳል፤ «የሬናቶ ልጅ እስኪለብሳት ከዚህ አትወጣም» ነበር ያለችው።

የእህቱ ልጅ ቢለብሳት ምን አለበት፤ አያት ሆና አንጀቷ አልችል ብሎ ነው፣ አለ ባህታ ለራሱ። ወረቀቱን መልሶ ጠቀለለው።

«ወገኖቼ፣ ከዚህ ወዲያ አንሄድም» አለ ትኬት ቆራጩ፣ ከታች እየጮኸ። «አስፋልቱ መስታወት ሆኗል። እግር ያለው በእግሩ።»

ባህታ ወረደ። ጥቅሉን ከካፖርቱ ሥር አስገባና በግሬይስ ኢን መንገድ ቁልቁል ተያያዘው። አንዴ ተንሸራቶ በጉልበቱ ወደቀ፤ ጥቅሉን ከፍ አድርጎ ይዞ ስለነበር በረዶ አልነካውም። ከኋላው እግር የሚከተለው ይመስለዋል። ከዘገየሁ የእኔ ጥፋት አይደለም፣ በረዶው ነው፣ የሚል ሐሳብ መጣበት። ብዘገይስ? ሌላ ሰው ሌላ ስም ተናግሮ ይጨርስልኝ ነበር። ወዲያው በራሱ አፈረ። በዚህ ዓለም ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ልዘግይ ብሎ የሚመኝ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?

መንገዱ አጋማሽ ላይ ጥቁር ጃንጥላ የያዘ ሽማግሌ፣ አጥር ተደግፎ፣ ከላይ የሚወርደውን ሰው ሁሉ በዓይኑ ይፈትሻል። ሲኞር ጉይዶ ነው። ጋራዡ በ1967 ከተወረሰበት በኋላ እዚህ ያለው ወንድሙ ዘንድ መጥቶ፣ አሁን በዚያው በጣልያኖቹ ቤተ ክርስቲያን ሻማ ያበራል፣ ወንበር ያስተካክላል። ሰባ አራት ዓመቱ ነው።

«ካፖ!» አለው በጣልያንኛ፤ ሁለቱ ሲገናኙ የሚነጋገሩት በጣልያንኛ ነው። «መጣህ?»

«ሲኞር፣ በዚህ በረዶ ምን አወጣዎት? በዚያ እግርዎ?»

«አንተን ልቀበል ነዋ። ሰዓት አክባሪነትህን የማላውቅ መሰለህ?»

ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ሁለቱም ደነገጡ። ሲኞር ጉይዶ ጃንጥላውን ባህታ ላይ ዘረጋለትና ክንዱን ያዘው። ተደጋግፈው ወረዱ።

«እኔ ያወጣሁትን ስም አልፈልግም እንዳልክ ጸሃይቱ ነገረችኝ» አለ ሽማግሌው ጥቂት እንደሄዱ።

«እርስዎ ያወጡት ስም ነው። ምን ማለት እንደሆነም የነገሩኝ እርስዎ ነዎት።»

«ግማሹን ነው የነገርኩህ። ለክርስትና ቀን የማይሆን ስለነበር ሌላውን ትቼዋለሁ። አሁን ስማኝ።»

«እየሄድን ከሆነ እሰማለሁ።»

«ድሮ አንዤ በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ማውሪሊዮ የሚባል ጳጳስ ነበር። በእኛ አገር የሶሬንቶ ከተማ ሰዎች ታሪኩ የእኛ ነው ይላሉ፤ ፈረንሳዮችም የእኛ ነው ይላሉ፤ ሲጣሉበት ይኖራሉ። አንዲት እናት የሚያጣጥር ልጇን ታቅፋ ‹አባቴ፣ ሳይሞት አጥምቅልኝ› ብላ መጣች። ጳጳሱ ቅዳሴ ላይ ነበር። ጀምሮ መተው አልሆነለትም። ጨረሰ።»

ባህታ እርምጃው ተወላገደ። «ከዚያስ?»

«ሲወጣ ልጁ አልፏል። በእናቱ እጅ ላይ፣ ገላው ገና ትኩስ እንደሆነ።»

አንድ መኪና ጭቃ በረዶ እየረጨ አለፈ። ባህታ አልሸሸም።

«ጳጳሱ መስቀሉንም ልብሱንም ጥሎ ጠፋ» አለ ሲኞር ጉይዶ። «ለማንም ሳይናገር። መርከብ ላይ ሳለ የቤተ ክርስቲያኑ ቁልፍ ከእጁ አምልጦ ባሕር ገባ። እሱም ‹ይህ ቁልፍ ካልተመለሰ እኔም አልመለስም› አለ። የት የሄደ ይመስልሃል?»

«እንዴት ልወቅ።»

«እንግሊዝ አገር። እዚህ ተሰዶ፣ ማንነቱን ደብቆ፣ የአንድ መኮንን አትክልተኛ ሆኖ ተቀጠረ። ሰባት ዓመት አፈር ሲቆፍር ኖረ።»

ባህታ ቆመ። የጥፍሩ ሥር ያለውን አፈር፣ ስንት ጊዜ ቢታጠብ የማይለቀውን፣ አየው። «ይሄን አሁን ፈጠሩት» አለ።

«እኔ መኪና እንጂ ታሪክ ፈጥሬ አላውቅም። የከተማው ሰዎች ሲፈልጉት ቁልፉን ከአንድ ዓሣ ሆድ አገኙት። ይዘው መጡ። ‹አባታችን፣ ቁልፍህ ይኸው፤ ተመለስ› አሉት። ተመለሰ። መጀመሪያ የሄደውም ልጁ መቃብር ላይ ነው። ተደፍቶ አለቀሰ፤ ያላለቀሰውን የሰባት ዓመት አለቀሰ። ልጁም ተነሳ። ሬናቶ ያሉት ያኔ ነው።» ሽማግሌው እንደ መሳል አለ። «ካፖ፣ ያን ቀን ‹ጨርሰው› ያልኩህ እኔ ነኝ። አራት ዓመት ሙሉ ይሄን ልናገር ፈልጌ...»

«እርስዎ ባይሉኝም እጨርሰው ነበር» አለ ባህታ። ይህን ለማንም ነግሮ አያውቅም። «ሻለቃውን ፈርቼ አይደለም። ካምቢዮው ተፈታትቶ ወለል ላይ ነበር፤ ሥራ ጀምሬ በትኜ መሄድ አልሆንልህ አለኝ። ያ ነው የገደለኝ። ጳጳስዎ ግን መቃብር አገኘ። እኔ የት ተደፍቼ ላልቅስ? የቱ አፈር ላይ?»

ባህታ ፊቱን ሊያይ ዞር ሲል፣ ሽማግሌው ዓይኑን ከዓይኑ አሸሸ።

ሲገቡ ቤተ ክርስቲያኑ በሻማ ሞቅ ብሏል። ባህታ ባርኔጣውን አውልቆ፣ እጁን በጸበሉ ነክሮ አማተበና ቀና አለ። እግሩ እደጃፉ ላይ ተተከለ።

ሰው በዝቷል። ለአንድ ሕፃን ክርስትና አምስት ስድስት ሰው ይበቃ ነበር። ከክላፋም አልታየሽ መጥታለች፤ ኦርቶዶክስ ናት፣ በዚህ ቤተ ክርስቲያን ምን ሥራ አላት? በሽምግልና እንጂ ከቤቱ የማይወጣው ኪዳኔ አለ። ሦስት ዓመት ያላያቸው ሰዎች አሉ። ወንዶቹ ጥቁር ካፖርት ለብሰዋል። ሴቶቹ አጠገብ ብርድ ልብስ የታሸገበት ከረጢት ተቀምጧል፤ አድሮ ለመዋል እንደመጣ ሰው።

«ጋሼ ባህታ፣ ይቀመጡ» አለ ኪዳኔ፣ ወንበር ስቦ።

«ቆሜ ይሻለኛል።»

«ውሃ ላምጣልዎት?» አለች አልታየሽ።

ማንም ዓይኑን አያየውም።

እንግዲህ ባህታ አስመራ ሳለ የሰፈሩ መርዶ ነጋሪ እሱ ነበር። ወንበር የሚያቀርበው እሱ፣ ውሃ የሚያስቀዳው እሱ። ሰው በባዕድ አገር ብቻውን ሳለ መርዶ አይነገረውም፤ አብሮት የሚያለቅስ ሰው እስኪሰበሰብ ይደበቃል፣ ዓመትም ቢሆን፣ አራት ዓመትም ቢሆን። የሚነገረውም ሲነጋጋ ነው። ነገ ሰኞ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ እነዚህ ሰዎች በሩን ሊያንኳኩ ነው የመጡት። የአስካለማርያም «አይዞህ»፣ የንዋይ የታጠፈ ቀልድ፣ ከሳጥኗ የወጣችው ቀሚስ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጥተው ፊቱ ቆሙ። ርግበ «ተስፋ አንቁረጥ» እያለች ስትጽፍ እርሟን አውጥታ ኖሯል። ለእሱ ብላ ለቅሶዋን ዋጥ አድርጋ፣ ለብቻዋ።

መቃብር የለውም ብሎ ነበር። አሁን ዙሪያውን ሲያይ፣ መቃብሩን ሰዎቹ ተካፍለው በየሆዳቸው ይዘውለት ኖረዋል።

ጸሃይቱ ሕፃኑን ታቅፋ መጣች። ጥቅሉን ሰጣት። ሴቶቹ ቀሚሷን አለበሱት፤ ልክ ሆነችው። ሁሉም ወደ መጠመቂያው ተጠጋ።

ጣልያናዊው ቄስ ነጩን ልብስ ለብሰው፣ በትሕትና ወደ ባህታ ዞረው፣ «ለዚህ ሕፃን ማን የሚል ስም ትሰጡታላችሁ?» አሉ።

ባህታ የሞተር ዘይት ሸተተው። ከኋላው፣ ከመጨረሻው አግዳሚ፣ «ባባ፣ ስንት ሰዓት ነው?» አለው።

ጸሃይቱ አባቷን አየችው። «ባባ፣ የፈለጉትን ይበሉ» አለች በሹክሹክታ፤ «ገብረሚካኤልም ቢሉ...»

ባህታ ሕፃኑን አየ። ዓይኑን ገልጦ የሻማውን ብርሃን ይከተላል። በዚህች አፍታ ሬናቶ አንዴ ሊሞት፣ በዚህ ሕፃንም ዳግም ሊወለድ እሱን ይጠብቃል። እንደዚያን ቀን ጫማውን አድርጎ፣ ሻዩን ግማሽ አድርሶ።

«ሬናቶ» አለ ባህታ።

ቄሱ ውሃውን ሦስት ጊዜ አፈሰሱ፤ ሕፃኑ ጮኸ። ከዚያ አልታየሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅጥቃ ተንሰቀሰቀች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ቄሱ ሐበሾች በደስታ ሲያለቅሱ እንዲህ ነው ብለው ፈገግ አሉ።

ባህታ ወደ ሲኞር ጉይዶ ዘወር አለ። «ሲኞር፣ ስንት ሰዓት ነው?»

ሽማግሌው ሰንሰለት ያለውን ሰዓቱን ከሰደርያው አወጣ። ዓይኑ እንባ ስለሞላ ለማንበብ ጊዜ ወሰደበት። «ዘጠኝ ከሩብ።»

ባህታ በአራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ዞረ። የመጨረሻውን አግዳሚ ቀጥ ብሎ አየው።

«ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ነው፣ ልጄ» አለው። «ደርሻለሁ።»

ለማን እንደሚናገር የጠየቀው የለም። አግዳሚው ላይ የሻማ ጥላ ብቻ ነበር።

«ኪዳኔ» አለ ቀስ ብሎ፣ «የነገን ጎህ አትጠብቁ። ርግበ ዘንድም ‹ሰምቷል› ብላችሁ ላኩ፤ ብቻዋን ማልቀሷ ይበቃታል።»

አልታየሽ ውሃ አቀረበችለት፤ ተቀብሎ ጠጣ። ወንበሩም የቀረበለት ቦታ ላይ እንዳለ ነበር። ባህታ ካፖርቱን ሰበሰበና ተቀመጠ።